«ባዶ እጄን ነው የምመለሰው» ላልሽኝ የደሴ ልጅ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ሰላም እትዬ፣ ደሴ ሸዋ በር ነው ያደግኩት፣ ባቲ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አምና ነሐሴ ላይ ጄ-1 በሚባለው የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ አሜሪካ መጣሁ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለ9 ወር አማርኛ በረዳት አስተማሪነት ላስተምር ማለት ነው። ግንቦት ላይ ያልቃል። ሜሪላንድ ያለው አጎቴ ‹አብደሻል እንዴ፣ ከዚህ ማን ይመለሳል› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ማንበብ አትችልም ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በከሰል እየሰረዘች ቀን ትቆጥራለች አሉኝ። የሚከፈለኝ ለቤትና ለምግብ ነው የሚበቃው፣ ያጠራቀምኩት የለም፣ ዲግሪም አይሰጥም። ባዶ እጄን ነው የምመለሰው፣ ‹ምን ይዘሽ መጣሽ› ሲሉኝ ምን ልበል? ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ እዚህ ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት፣ እሱን ሳስብ ራሱ እናቴን የከዳኋት ይመስለኛል። ባለፈው ወላጆቿ ሐበሾች የሆኑ እሷ ግን እዚሁ የተወለደች ተማሪዬ አያቷ ስልክ ላይ የላከችላትን መልእክት ይዛ መጣችና ‹አያቴ ለምንድነው እኔን እናቴ የምትለኝ?› ስትለኝ ልመልስላት ብዬ ድምፄ እምቢ አለኝ። ልመለስ ወይስ ልቅር?»

አብሽሪ እናቴ። ደብዳቤሽ ላይ ከሁሉም የከበደኝ «ባዶ እጄን» የምትለዋ ቃል ናት፣ እሷን ቆይቼ እመጣባታለሁ። መጀመሪያ ግን አጎትሽ ስለሚያወራው ስለ ወረቀቱ ጉዳይ እንነጋገርና እንገላገል፣ ምክንያቱም ሰው ሕጉን ሳያይ በናፍቆት ወይ በወሬ ብቻ ወስኖ ነው ኋላ የሚያለቅሰው።

ፓስፖርትሽ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ አውጪና ከታች የተጻፈውን በደንብ አንብቢ፣ ዲኤስ-2019 የሚባለውንም ፎርም አብረሽ እዪው። በመንግሥት ገንዘብ በልውውጥ ፕሮግራም የሚሄዱ ሰዎች ላይ «የ2 አመት ግዴታ» የሚሉት ነገር አለ፣ የሕጉ ቁጥር 212 ኢ ነው፣ አንቺም ላይ ካለ እዛው ቪዛው ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ትርጉሙ ምንድነው፣ ፕሮግራምሽ ካለቀ በኋላ አገርሽ ገብተሽ በድምሩ 2 አመት እስካልኖርሽ ድረስ ግሪን ካርድ አታገኚም፣ ኤች-1ቢ የሚሉትንም የሥራ ቪዛ አታገኚም፣ እዛው ቁጭ ብለሽ ቪዛ ልቀይር ብትይም በአብዛኛው አይሆንም። አጎትሽ «አንድ ዜጋ ታገቢና ያልቃል» ብሎሽ ከሆነ አያልቅም፣ ዌቨር የሚሉት ልዩ ፈቃድ አግኝተሽ ካልተነሳልሽ በስተቀር ዜጋ ብታገቢም ግዴታው እዛው ነው ያለው። ፕሮግራሙ ሲያበቃ 30 ቀን ይሰጥሻል፣ እሷ ዘመድ ለመጠየቅና ጓዝ ለመሸከፍ ናት እንጂ ለሥራ አይደለችም፣ በዛች 30 ቀን ውስጥ አንድ ቀን እንኳን ሬስቶራንት ገብተሽ እንዳትሠሪ አደራ። በሌላ በኩል ደግሞ ተመለስሽ ማለት በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፣ ነገ ማስተርስ ልማር ብትይ 2 አመቱ ሳይሞላም ከዚሁ ሆነሽ በተማሪ ቪዛ ማመልከት ትችያለሽ፣ የ2 አመቱ ዕዳ ግን እስክትከፍዪው ይጠብቅሻል።

«ኬዝ አስገቢ»፣ ማለትም አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቂ፣ የሚሉሽም አይጠፉም መቼም። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ብዬ ነው የማወራው። ወሎ ውስጥ ስጋት የለም ብዬ አልዋሽሽም፣ በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያየነውን አይተናል፣ ከዛ በኋላም ትምህርት ቤቶች የተዘጉባቸው፣ መንገድ የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ፣ አንቺም እኔም እናውቀዋለን። አንቺን ራስሽን የሚያሰጋ፣ ስም ያለው፣ እውነተኛ ነገር ካለብሽ እሱ የምክር ዓምድ ጉዳይ አይደለም፣ የኢሚግሬሽን ሎየር ጋ ሂጂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ፣ ምክንያቱም አሳይለም የሚጠየቀው በመሠረቱ አገሩ በገባሽ በ1 አመት ውስጥ ነው። ከሌለብሽ ግን ቡና ቤት በተቀመጠ ሰው ምክር የሌለ ታሪክ ፈጥረሽ እንዳታስገቢ። የፈጠራ ኬዝ መሆኑ ከታወቀ እዛ አገር ማንኛውንም ወረቀት የማግኘት መብትሽን እስከ መጨረሻው ሊያሳጣሽ ይችላል፣ ከሱ በላይ ደግሞ የገዛ እናትሽን ስም በውሸት ወረቀት ላይ አስፍረሽ ስትኖሪ የምታድሪውን አዳር አስቢው። ካንቺ ቀጥላ የምታመለክተው የወልድያ ወይ የከሚሴ ልጅም አለች፣ እሷንም አስቢያት።

እንግዲህ የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ተመለሺ ነው የምለው። ይሄን የምልሽ «አገር ትጠራሻለች» ምናምን በሚል አይደለም፣ እሱን ሬዲዮ ይበለው። ተመለሺ የምልሽ እጅሽ ባዶ እንዳልሆነ ስለማውቅና የያዝሽው ነገር ደግሞ ከዛ ይልቅ እዚህ በጣም ስለሚፈለግ ነው።

እንዴት አወቅሽ ካልሽ፣ እኔም ከ20 አመት በፊት ጀርመን አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 2 አመት አማርኛ በረዳትነት አስተምሬ ተመልሻለሁ። ስሄድ አማርኛ አውቃለሁ ብዬ ነው የሄድኩት፣ ደሴ ተወልጄ፣ አማርኛ አስተማሪ ሆኜ፣ ማን ከኔ በላይ ሊያውቅ። በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል አንድ ረጅም ልጅ እጁን አውጥቶ «‹ገና አልመጣም› በሚለው ውስጥ ያለው ገና እና ‹ለገና እንመጣለን› በሚለው ውስጥ ያለው ገና አጻጻፋቸው አንድ ሆኖ እናንተ ስታነቡ ግን ለየብቻ ነው፣ በምን ነው የምታውቁት?» አለኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዕድሜ ልኬን ሳነበው የኖርኩትን ነገር አይቼው አላውቅም ለካ። «እንዲሁ ይታወቃል» ልል ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት፣ ምክንያቱም ልጁ የጠየቀኝ ሊያስጨንቀኝ ሳይሆን ከልቡ ጨንቆት ነው።

የዛን ለት ማታ ክፍሌ ገብቼ ደብተር አወጣሁና የማስታውሰውን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። አለ ብሎ የተናገረው፣ አለ ብሎ የተገኘው። ዋና ብሎ ውሃ ውስጥ የሚዋኘው፣ ዋና ብሎ የነገሩ አውራ። ከዛ ግሱ መጣ፣ ይመታል ሲላላ እሱ ነው ሌላውን የሚመታው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ራሱ ነው የሚመታው፣ ይሰማልም እንደዛው፣ አንዱ ሰሚ ነው አንዱ ተሰሚ፣ ፊደሉ ግን ያው ነው። በ3 ወር ውስጥ ደብተሩ ሞላ። ጠ እና ተ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ፣ ቀ እና ከ ላይ ሌላ ጣጣ፣ ቀጭን ወረቀት አፋቸው ፊት አስይዤ ተ ሲሉ ወረቀቱ እንዲርገበገብ፣ ጠ ሲሉ ግን ቀጥ እንዲል እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለፈበት ቀን አለ፣ መጨረሻ ላይ አንዷ ልጅ ወረቀቱ ሳይነቃነቅ «ጠላ» ስትል ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት።

አሁን ወደ ወሎ ልምጣልሽ። ከተመለስኩ በኋላ ከሚሴ ተመደብኩ። እንደምታውቂው እዛ አብዛኛው ልጅ ቤቱ ኦሮምኛ ነው የሚናገረው፣ ታች ክፍሎችም በቁቤ ነው የተማረው፣ ቁቤ ላይ ደግሞ ድምፅ ሲጠብቅ ሆሄው ይደገማል። አንድ ቀን 9ኛ ክፍል ጽሁፍ ሳስነብብ ከኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ ተነስቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ቲቸር፣ እኛ ሲጠብቅ ሁለት አድርገን እንጽፋለን፣ እዚህ ግን ገና እና ገና አንድ ናቸው፣ በምን ይለያል?» አለኝ። ያው ጥያቄ! ጀርመን የሰማሁት፣ ቃል በቃል። ከሱ በፊት ከነበሩት ልጆች ውስጥ ስንቱ ይሄንኑ ሊጠይቅ ፈልጎ «እንዲሁ ይታወቃል» ተብሎ ቁጭ ብሏል፣ ስንቱስ አማርኛ አይገባውም ተብሎ ውጤት ተቀንሶበታል ብዬ አሰብኩና ሆዴ ባባ። ለልጁ የነገርኩት ያንኑ ደብተር ከፍቼ ነው። በጠመኔ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ እያደረግኩ፣ መጀመሪያ በነጥብ አስነበብኳቸው፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ነጥቡን አጠፋሁት፣ ማንበባቸውን አላቆሙም።

እንግዲህ ባቲን አስቢያት። ሰኞ ገበያ ላይ ኦሮምኛው፣ አማርኛው፣ አፋርኛው በአንድ አፍ ሲገለባበጥ የሚውልባት ከተማ ናት፣ ክፍልሽ ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ደግሞ የነዛ ሰዎች ልጆች ናቸው። አንቺ ከመሄድሽ በፊት እንግሊዝኛውን ስታስተምሪ በምን ነበር የምታስረጃቸው? በአማርኛ። ያ አማርኛ ግማሾቹ ልጆች ጋ ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑን ታውቂው ነበር፣ አሁን ግን ምን እንደሚከብዳቸው ጭምር ታውቂያለሽ። ቋንቋሽን 9 ወር ሙሉ ከውጭ ቆመሽ አይተሻታል፣ ፊደሏን ለማያውቅ ሰው ከሀ ጀምረሽ አሳይተሻል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት የምንለው እነሱ ሰባት የሚሉት እንደሆነ፣ 13ኛ ወር እንዳለን፣ አንተና አንቺና እርስዎ መቼ መቼ እንደሚባል አንድ በአንድ አስረድተሻል። ይሄ ዓይን ከሻንጣ ጋር አይመዘንም እንጂ ከሻንጣ ይከብዳል። በዚህ ዞን ውስጥ ይሄ ዓይን ያለው ስንት አስተማሪ ነው?

አንድ ሰው ላስታውስሽ፣ የኛው አገር ሰው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ፣ ያኔ አምሐራ ይባል ከነበረውና ዛሬ ወሎ ውስጥ ካለው ምድር፣ ከመካነ ሥላሴ የወጡ ካህን ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1649 ሮም ላይ የሐበሾች ቤት ሆነው ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ግዕዝ ልማር ብሎ መጣባቸው፣ በ1652 ደግሞ ጎታ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ተጋብዘው ሄደው እዛም አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው በ1698 ነው፣ እሳቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 ባሕር ላይ መርከብ ሰጥሞ ካረፉ 40 አመት በኋላ ማለት ነው። እኔ ስለሳቸው ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ከመካነ ሥላሴ የሄደ ሰው ጥያቄ ለሚጠይቀው ልጅ ተቀምጦ አንድ በአንድ መመለሱ፣ ያም ልጅ የተመለሰለትን በጽሁፍ መያዙ ነው። በዛ ዘመን አማርኛችን እንዴት ይነገር እንደነበር ዛሬ ከምናውቅባቸው መንገዶች አንዱ ያ ጽሁፍ ነው፣ ባይጻፍ ኖሮ ከሳቸው ጋር ባሕር ይገባ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራሽ ይሄ ነው፣ ከመውጣትሽ በፊት ጻፊ። ተማሪዎችሽ የጠየቁሽን ጥያቄ ሁሉ፣ በተለይ መልስ ያጣሽለትን፣ ልምምዶቹን፣ የሠራውን፣ ያልሠራውን፣ ልጆቹ ያሳቃቸውን ጭምር። «ኋላ አስታውሰዋለሁ» እንዳትዪ፣ ደሴ ገብተሽ በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ይጠፋል፣ እኔ ደብተሩ ውስጥ ያልጻፍኩት ሁሉ ጠፍቶብኛል። የአያቷን መልእክት ይዛ የመጣችውን ልጅ ጥያቄም ጻፊው፣ ምን ብለሽ እንደመለስሽላትም። ለሷ ያልመለስሽላት ከሆነ ሳትሄጂ መልሺላት፣ ሰው የሚወደውን ልጅ በሚወደው ስም እንደሚጠራ፣ አያቷ «እናቴ» ስትላት ለራሷ እናት የነበራትን ፍቅር በሙሉ ለሷ እያሻገረችላት እንደሆነ ንገሪያት። ድምፅሽ ቢቆራረጥም ይቆራረጥ፣ ትረዳሻለች።

አሁን ደግሞ እኔ የተጎዳሁበትን ልንገርሽ እንዳትደግሚው። ስሄድ የትምህርት ቤቴ ኃላፊ «ሂጂ፣ ቦታሽ ይጠብቅሻል» አሉኝ፣ እኔም በቃል አምኜ ሄድኩ። ሐምሌ ላይ ተመልሼ መስከረም ስሄድ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው አለ፣ የፈቃድ ደብዳቤ የለኝ፣ ፋይሌ ውስጥ ምንም የለ። እስከ ጥር ድረስ መምህራን ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጬ የሌላ ሰው ሮስተር ስገለብጥ ነው የከረምኩት፣ ደመወዝም የተስተካከለው ስንት ጊዜ ተመላልሼ ነው። ያንን ጊዜ አሁንም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። አንቺ ስትሄጂ የፈረምሽው የፈቃድ ወይ የግዴታ ውል ካለ ኮፒውን አስፈልጊ፣ ከሌለም ዛሬ ለትምህርት ቤትሽና ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ «በዚህ ቀን ፕሮግራሜን ጨርሼ በዚህ ቀን ሥራ እገባለሁ» ብለሽ ጻፊ፣ ወንድምሽ ይሁን ጓደኛሽ በአካል ወስዶ መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርግልሽ፣ የተመዘገበበትን ቁጥርና ቀን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ስልክ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ ማለት አልነገርኳቸውም ማለት ነው።

እዛ ያለውንም በደንብ ዝጊው። ታክስ የሚባለውን እንዳትረሺ፣ እንዳንቺ በቅርብ በጄ-1 የመጣ ሰው 1040-ኤንአር የሚባለውን ፎርም ነው የሚሞላው፣ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በነሱ ኤፕሪል 15 ነው፣ በኛ ሚያዝያ 7፣ ብዙ አልተከፈለኝም ብለሽ አትተዪው፣ ነገ ሌላ ቪዛ ስትጠይቂ ንጹህ ሆነሽ መገኘት ጥሩ ነው፣ ተመላሽም ሊኖርሽ ይችላል። ተመላሽ ካለሽ ገንዘቡ እስኪገባ የባንክ ሂሳቡን አትዝጊ። ደግሞ ብዙ ሰው የሚሰቃይባት አንድ ነገር አለች፣ ባንኩ ኮድ የሚልከው አሜሪካ ቁጥርሽ ላይ ነው፣ ደሴ ስትገቢ ያ ቁጥር የለም፣ ገንዘብሽ እያለ መግባት ያቅትሻል፣ ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት ኮዱ በኢሜይል እንዲመጣ አድርጊ ወይ ቁጥሩን የምታምኚው ሰው ጋ አሻግሪው። የዩኒቨርሲቲው ኢሜይልም አንድ ቀን ይዘጋል፣ ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ራስሽ ኢሜይል አውጪ። እግረ መንገድሽን የተማርሻቸው ኮርሶች ካሉ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ጠይቂ፣ ካስተማርሽባቸው ሰዎች ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ አሁን፣ ፊትሽን እያዩ ሳለ፣ በዩኒቨርሲቲው ወረቀት ላይ አጽፊ፣ ምን ያህል ተማሪ እንዳስተማርሽ፣ ምን እንዳዘጋጀሽ በዝርዝር ይጻፍ፣ «ጎበዝ ናት» ብቻ የሚል ደብዳቤ ነገ ማስተርስ ስታመለክቺ ብዙ አይረዳሽም።

«ምን ይዘሽ መጣሽ» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፣ አይቀርም፣ ወሎ ነው ያለነው፣ ሰው ቡናውን ይዞ እንኳን ደህና መጣሽ ሊልሽ ሲመጣ ዓይኑ ሻንጣው ላይም ይሄዳል፣ ክፋት ኖሮበት አይደለም። ከአሁኑ እውነቱን ለቅርብ ቅርቦቹ ንገሪ፣ አስተማሪ ሆኜ ነው የሄድኩት፣ የሚከፈለኝ ለኑሮ ብቻ ነው፣ በይ በግልጽ፣ ሳትሸማቀቂ። አንዴ አክስትሽ ከሰማች ሸዋ በር በሙሉ ይሰማል። ተበድረሽ ስልክና ሽቶ እንዳትገዢ። ትልልቆቹን አስቢ፣ የንባብ መነጽር እዛ ርካሽ ነው፣ ቁጥሩን በስልክ ጠይቀሽ አምስት ስድስቱን ብትይዢ ቁርዓን ለሚቀራው ዘመድሽም ዳዊት ለሚደግመው ጎረቤትሽም ይሆናል፣ ለእናትሽ የደም ግፊት መለኪያ ብትጨምሪበት ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ሲለካበት ይኖራል።

ሌላው ስትመለሺ የሚያጋጥምሽ ነገር ከአሁኑ ልታውቂው ይገባል ብዬ ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ደስ ይላሉ። ቤቱ ይሞላል፣ ዱበርቲዎቹ፣ የሰፈሩ እናቶች፣ ይመጣሉ፣ እናትሽ ወዳጃ የሚባለውን የዱዓ ስብስብ ታስደርጋለች፣ አንቺን ሲያመሰግኑና ሲመርቁ ይመሻል፣ የጦሳን ተራራ በጠዋት ስታዪው ሆድሽ ይረጋል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው የሚከብደው። ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል፣ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ አንቺ ደግሞ ያ ላይብረሪ፣ ያ ጸጥታ፣ በመንገድ ላይ ማንም ሳያይሽ ብቻሽን የሄድሽው ሁሉ ይናፍቅሻል። ለማንም አትነግሪውም፣ «ጠገበች» ይሉኛል ብለሽ ትፈሪያለሽ። እኔ ያኔ ማታ ማታ ጀርመንኛ በልቤ ሳወራ አድር ነበር። ምንም ማለት አይደለም፣ የኖርሽበት ቦታ ነው፣ የወደድሻቸው ልጆች ያሉበት ቦታ ነው፣ ሊናፍቅሽ ይገባል። እዛ ደስ ብሎኝ ነበር ማለት እናቴን ከዳኋት ማለት አይደለም፣ እናትሽ ራሷ ደስ ብሎሽ መኖርሽን ብትሰማ «አልሐምዱሊላህ» ነው የምትለው፣ ጠይቂያትና እዪ። ብቻ ያንን ሦስተኛ ሳምንት ባዶ አድርገሽ አትጠብቂው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፣ ባቲ ሄደሽ ካንቺ ጋር የሚያስተምሩትን አራት አምስት መምህራን ሰብስቢ፣ ቡና አፍዪና የጻፍሽበትን ደብተር አሳዪያቸው፣ ኦሮምኛ አስተማሪውንም ጥሪው፣ ያለ እሱ አይሆንም፣ ልጆቹ የት ጋ እንደሚሰናከሉ ካንቺ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

እና ደግሞ መንገዱን አጣሪ። ከአዲስ አበባ በመኪና ከመነሳትሽ በፊት ያን ሰሞን ከደብረ ብርሃን ወዲህ ያለውን መንገድ ከሚመላለስ ሰው ጠይቂ፣ ካልሆነም እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ነይ፣ እናትሽ ካላንደሩን የምትሰርዘው አንቺን በሰላም ልታይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ስለ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ። ፈተናውም አልቋል፣ ኬኩም ይመጣል፣ ፎቶውም ይነሳል። ከዛ በፊት ግን ለያንዳንዳቸው አንድ ወረቀት ስጪያቸውና ለእናትሽ ደብዳቤ ይጻፉ፣ በአማርኛ፣ በእጃቸው፣ የቻሉትን ያህል። ስማቸውን፣ ምን እንደተማሩ፣ ከአማርኛ ቃል የትኛውን እንደወደዱ። እናትሽን በእርስዎ ይጥሯት እንጂ፣ አስተምረሻቸው የለ። ፊደሉ ይጣመም፣ ሀ እና ሐ ይቀላቀል፣ አታርሚው። ያቺም አያቷ «እናቴ» የምትላት ልጅ ትጻፍ። ፖስታ ውስጥ አድርገሽ በእጅ ሻንጣሽ ያዢው፣ ትልቁ ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል። ደሴ ስትገቢ ሰዉ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ረከቦቱ በቀረበበት፣ «ምን ይዘሽ መጣሽ» ሲመጣ እሱን አውጪ። እናትሽ አታነብም ብለሻል፣ አንቺ አንብቢላት፣ አቦሉ ሲቀዳ ጀምሪ፣ ቀስ እያልሽ ካነበብሽው እስከ በረካው ይደርሳል።